የመመለሻ አንቀጽ

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ተመድቤ እንጂ ፈልጌ አልነበረም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ናይሮቢ የምንሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወደ አገር ቤት ሄደ። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ቄስ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ በር ላይ ያዙኝና የጾሙን የመጀመሪያ አራት እሑዶች የጎልማሶች ትምህርት እንድይዝ አዘዙኝ። ርእሱንም ራሳቸው ቆረጡት፦ ጌታችን የፈወሳቸው ሕሙማንና የመጀመሪያዎቹ ተከታዮቹ።

«አባታችን፣ እኔ እኮ ዲያቆን እንኳ አይደለሁም» አልኳቸው።

«ስብከት መች ጠየቅኩህ? ለስብከቱ እኔ አለሁ። አንተ የተጻፈውን በሥርዓት አንብበህ በሥርዓት አስረዳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?»

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ስሠራ ነበር። በእጄ ያለፈው የሕመም ፈቃድ፣ የዕግድ፣ የዝውውርና ወደ ሥራ የመመለስ ደብዳቤ ብዙ ነው። ከእነዚያ ውስጥ በአጻጻፍ ጉድለት ከበላይ ኃላፊ የተመለሱብኝ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም ከነምክንያታቸው አስታውሳቸዋለሁ። ጡረታ ስወጣ ልጄ ወደምትሠራበት ናይሮቢ መጣሁ፤ ኪሌሌሽዋ በሚገኘው አፓርታማዋ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የፋይል መደርደሪያ አለኝ። መደርደሪያው ባዶ እንዳይሆን ይመስለኛል፣ የጽዋ ማኅበራችን ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ አራት ዓመት አለፈኝ።

ለትምህርቱ የተዘጋጀሁት በለመድኩት መንገድ ነው። ትልቅ ደብተር ገዛሁ፤ አራቱን ወንጌላት ከዳር እስከ ዳር እያነበብኩ ለእያንዳንዱ የተፈወሰ ሰው አንድ ገጽ ሰጠሁ። በገጹ ላይ የሕመሙን ዓይነት፣ ጉዳዩን ያቀረበው ራሱ ይሁን ሌላ ሰው፣ በቦታው የነበሩትን ምስክሮች፣ በመጨረሻም ከተፈወሰ በኋላ የተሰጠውን ትእዛዝ እመዘግባለሁ። ልጄ ከሥራ ስትገባ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ አየችው።

«አባዬ፣ ወንጌሉን ፐርሰኔል ፋይል አደረግከው እኮ!»

«የተሟላ ፋይል ነው። ምስክር የሌለበት ገጽ የለም ማለት ይቻላል።»

«ጡረታ የወጣኸው ግን አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው?»

በእርግጥም ሥራው ደስ አሰኝቶኛል። ብዙዎቹ ሕሙማን ጉዳያቸውን ያቀረቡት በሰው በኩል መሆኑን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አንዱን አራት ሰዎች ጣሪያ አፍርሰው አወረዱት። ለአንዱ አሠሪው፣ ለአንዷ እናቷ፣ ለሌላዋ አባቷ ለመነላት። ከተከታዮቹ መካከል ደግሞ በቀረጥ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ የተጠራውን ሰው፣ ሕሙም ባይሆንም፣ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጠሁት። የሙያ ወገንተኝነት መሆኑን አልክድም። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ቢሄዱ የሚጠይቃቸው መሥሪያ ቤት የለም፤ እርሱ ግን ርክክብ ሳያደርግ ነው ከወንበሩ የተነሣው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይሰቀጥጠኛል፤ ቢሆንም ተከትዬ ባነበብኩ ቁጥር ትክክል መሆኑን አምናለሁ።

በዘወረደ እሑድ የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጠሁ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች መጥተዋል። ከበሩ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ሁለት ወንበር ተለይታ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር፤ የዚህ ሁሉ ነገር ባለቤት እርሷ ስለሆነች ማንነቷን እዚህ ላይ ማስረዳት ይገባኛል።

ነጋዴና ስደተኛ በሚበዛበት ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አላት። የጽዋ ማኅበራችን የተጀመረው በዚያ ምግብ ቤት ጓዳ፣ በአምስት ሰዎች ነው፤ ዛሬ አሥራ አራት ነን። ጽዋችን በየወሩ በሃያ ሰባት ይዘከራል፤ የሥራ ቀን ሲሆንብን ወደሚቀጥለው እሑድ እናዞረዋለን። ባለ ተራው በቤቱ ያዘጋጃል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ ከአንዱ ጽዋ ሁላችን እንቀምሳለን። ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ባለ ተራ ይሰጣል፤ እርሱም እልል እየተባለለት ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። በስደት ቤት ይህን መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ለማኅበርተኛ መንገር አያሻም።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ሳል ጠናባት፤ ክሊኒክ ሄዳ ሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ተነገራት። ማንም ሳይጠይቃት በማኅበሩ ፊት ቆማ ተናገረች። ሰዉ ደነገጠ። አንዳንዱ «ትታገድ» የሚለውን ቃል አነሣ። ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነበርኩና ቃሉን አለሰለስኩት፦ እኅታችን ከሕመሟ እስክትድን ድረስ ከጽዋው እንድታርፍ በአንድ ድምፅ ተወስኗል ብዬ ጻፍኩ። «እንድታርፍ» በሚለው ቃል በጊዜው ተደስቼበታለሁ።

ስድስት ወር መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታጓድል ወሰደች። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ጨረስኩ። ይኸው ወረቀቱ» ብላ በፕላስቲክ የጠቀለለችውን የክሊኒኩን ደብዳቤ ሰጠችኝ።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለው፣ ሕክምናዋን መፈጸሟንና ከበሽታው ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት። ከዚያም ከኪሴ ብዕር አውጥቼ በራስጌው ላይ «ታይቷል፤ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ብዬ ጽፌ፣ ቀን አድርጌ ፈረምኩበት።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«አሁን በፋይልሽ ውስጥ ይገኛል» አልኳት።

አመሰገነችኝ። እኔም ቤቴ ገብቼ አያያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ጽዋው አራት ጊዜ እጅ ሲለውጥ እርሷን እየዘለለ ነበር፤ እኔም አራቱንም ጊዜ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ።

በሁለተኛው እሑድ፣ በቅድስት፣ ያስተማርኩት ስለ ለምጻሙ ነበር። ይህ ገጽ ከሁሉም ይበልጥ የኮራሁበት ነው። ጌታችን ለምጻሙን ዳስሶ ካነጻው በኋላ በዚያው አላሰናበተውም፤ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይና ሕጉ ያዘዘውን መባ እንዲያቀርብ አዘዘው። ብዙ ሰው ይህን ትእዛዝ እንደ ትሕትና ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ግን እንደ አስተዳደር ሰው አስረዳሁት፦ በኦሪት ሕግ ሰውየውን ከሰፈር ያስወጣው የካህኑ ቃል ነው። ስለዚህ ቆዳው ቢነጻም፣ ያስወጣው አካል መልሶ ካላስገባው፣ ሚስቱ በር አትከፍትለትም፣ ጎረቤቱ ከገበታው አያስቀርበውም። የከለከለ አካል ነው የሚፈቅደው። ጌታችን ሰውየውን ከነመመለሻው ፈወሰው አልኩ። ሁለት ሰዎች ማስታወሻ ሲይዙ አየሁ።

ከበሩ አጠገብ እጅ ወጣ፤ እርሷ ነበረች፤ ተነሥታ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። ለምጻሙ ሄደ እንበል። ካህኑ አየውና ‹ጥሩ ነው፣ ታይቷል› ብሎ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ቢቆልፍበትስ?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገና አልገባኝምና በሙሉ ልብ መለስኩ።

«አይችልም። ሕጉ ያስገድደዋል። አይቶ፣ በተወሰነው ቀን ደግሞ አይቶ፣ ነጽቷል ብሎ በአደባባይ ማወጅ ግዴታው ነው።»

«እንግዲያው ያ ሰውዬ ዕድለኛ ነው» አለችና ተቀመጠች።

የቀረውን የትምህርት ጊዜ እንዴት እንደጨረስኩት በትክክል አላስታውስም፤ እንዲህ ብዬ የምጽፍለት ነገር በሕይወቴ ጥቂት ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ወደ ሥራ ከወጣች በኋላ የማኅበሩን ፋይል ከመደርደሪያው አወረድኩ። ቃለ ጉባኤዬን ሌላ ሰው እንደጻፈው አድርጌ፣ የበታች ሠራተኛ ለፊርማ እንዳቀረበልኝ ረቂቅ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እስክትድን ድረስ ይላል። መዳኗን ማን ይወስናል? አይልም። በምን ማስረጃ? አይልም። ማስረጃው ለማን ይቅረብ፣ በስንት ቀንስ ይታይ? አይልም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የመመለሻው ሁኔታ ያልተገለጸበት የዕግድ ደብዳቤ በጠረጴዛዬ ላይ ካለፈ፣ በቀይ ብዕር ተሰርዞ ወደ ጸሐፊው ይመለስ ነበር። ያን ያህል ዘመን ለማላውቃቸው ሰዎች ያደረግኩትን ጥንቃቄ፣ ከእጇ የበላሁላትን እኅቴን ነፈግኋት። ልቧ እንዳይከፋ ብዬ ቃሉን ሳለሰልስ አንቀጹን ጣልኩት።

የክሊኒኩ ደብዳቤ ከኋላው ተያይዟል። በትክክል ተበስቶ፣ በትክክል ተቆጥሮ። ከእኔ በቀር ያነበበው ሰው አልነበረም።

የኦሪቱን ምዕራፍ እንደገና ከፈትኩ፤ ባለፈው ቀን በችኮላ ያለፍኩትን ነገር አገኘሁ። የተፈወሰው ሰው ወደ ሰፈር መግባት ስለማይችል፣ ሊያየው ከሰፈር የሚወጣው ካህኑ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ወደ ኢስትሊ ሄድኩ።

ማታቱ በሚሉት የከተማው ሚኒባስ ውስጥ ሙዚቃው ደረትን ይመታል፤ ረዳቱ በአገሩ ቋንቋ «ምዜ» (ሽማግሌው)፣ «ግባ ግባ» እያለ ከሁለት ወጣቶች መካከል ሸጎጠኝ። ከወረድኩ በኋላ በጨርቅና በጫማ ክምር መካከል እየተሽሎከለኩ ምግብ ቤቷ ደረስኩ። ምሳ ሰዓት ነበር። አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ከሞያሌ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ይዘውታል፤ ከማኅበራችን አንድም ሰው አልነበረም። ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየና ፈገግ አለ።

«የእናንተ ወገን ከጠፋ ሰነበተ። እኛማ ታማም ድናም ከዚህ ገበታ አልተነሣንም። አላህ ያሽራት ብለን በልተን እንሄዳለን።»

«አባ፣ ይተዋቸው፣ እንግዳ ናቸው» አለች እርሷ ከጓዳ እየወጣች። ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ መንገድ ጠፍቶዎት ነው?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ። እዚህ ሰፈር ቆሞ የሚናገር ፖሊስ ብቻ ነው።»

ሽሮና ጎመን አቀረበችልኝ። እጄን ታጥቤ በላሁ። እርሷ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ እጆቿን በሽርጧ እየጠረገች አየችኝ፤ ገበታውን እንዳጋመስኩ ነው የተናገረችው።

«በፋይልሽ ውስጥ ይገኛል ሲሉኝ ነገሩ አለቀ ብዬ ነው የሄድኩት። ኅዳር ተራዬ ነበር። ጠላ ጠንስሼ ነበር እኮ ጋሼ።»

«ጠላ?»

«ሁለት ጋን። ጽዋው ለሌላ ተሰጠ ሲሉኝ ምን ላድርገው? ለጎረቤቶቼ ለኬንያውያኑ አደልኩት። የአገራቸው ጠላ መስሏቸው ‹ቡሳ ነው፣ ቡሳ ነው› እያሉ ጠጡት። ደስ ብሏቸዋል። እነሱስ ይባረኩ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

«ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?»

«እርስዎን? እርስዎ ያልጻፉት ነገር ማኅበሩ ውስጥ አለ እንዴ? ጸሐፊው ካየው ሁሉም አይቶታል፤ አይተው ነው የማይፈልጉኝ ብዬ ነዋ።»

ወረቀቱን ከእኔ በቀር ማንም እንዳላየው ነገርኳት። ነጋዴዎቹ ከፍለው ወጡ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ አልዋሽዎትም» አለች። «እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ። ሳንባዬ ድኗል፤ ሐኪሙ ነግሮኛል፣ ኤክስሬዩንም በዓይኔ አይቻለሁ። ያልዳንኩት እናንተ ዘንድ ነው። በጓዳዬ በተወለደ ማኅበር በር ላይ እንደ ለማኝ አልቆምም። እስከ ፋሲካ ካልሆነ ስሜን ይፍቁልኝ። መፋቁን እንኳ ቶሎ ይጽፉታል።»

ይህ ይገባኝ ነበር፤ ተቀበልኩት።

የጽዋ ማኅበር አለቃ በወጋችን ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ደግና ነገር የማይወድ ሰው ነው። በሦስተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩን አቀረብኩለት።

«ጸሐፊያችን፣ በጾም ነገር አትቆስቁስብኝ» አለኝ።

«ነገር አይደለም፤ አጀንዳ ነው።»

«እኔ እኮ አልፈራሁም። የሚፈሩት ሌሎቹ ናቸው።»

«እነማን?»

«ሌሎቹ ናቸዋ!»

በዚያው ዕለት ግቢው ውስጥ ሦስት አባላትን ጠየቅኩ። ሦስቱም እነርሱ እንደማይፈሩ፣ ሌሎቹ ግን እንደሚፈሩ ነገሩኝ። ወደ ሙሴ ተመልሼ ይህንኑ ሪፖርት አደረግኩለት። ራሱን አከከ፤ «በል ጻፍና አምጣው። ግን እሷም ትኑር፤ በሌለችበት አልዳኝም» አለኝ። ይህን ለማለት እኔም ተዘጋጅቼ ነበርና ቀድሞኝ በመናገሩ አከበርኩት። የጥሪ ደብዳቤዋን በዚያው ቀን ጻፍኩ፤ ለአባላቱ ካዘጋጀኋቸው አሥራ ሦስት ቅጂዎች የመጨረሻውን ሳይሆን የመጀመሪያውን ለእርሷ አደረግኩት።

የየካቲት ሃያ ሰባት ዓርብ ላይ ስለዋለ ጽዋው ለእሑድ ተዛወረ፤ ዕለቱም መጻጕዕ ሆነ። ጠዋት በአዳራሹ የመጨረሻውን ትምህርት ሰጠሁ፤ በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለተኛው ሰው። ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ አዎን ወይም አይደለም ብሎ አልመለሰም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም አለ። ከዚህ በላይ ምንም አላብራራሁም። አራቱን ትምህርቶች በተሰጠኝ ጊዜ ጨርሼ ደብተሬን ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁላችን ባለጠጎች ወደሚኖሩበት ሩንዳ ሰፈር ሄድን። ባለ ተራዋ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የምትሠራ፣ ፈጣንና ቀጥተኛ ሴት ናት፤ ባለፈው ዓመት «ትታገድ» ካሉት መካከል ጎልቶ የተሰማው የእርሷ ድምፅ ነበር። የኢስትሊዋ እኅታችን ነጠላዋን አጣፍታ በበሩ ስትገባ የቤቱ እመቤት ተነሥታ ሳመቻት፤ ነገር ግን ከመሳሟ በፊት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቆም ማለቷን ሁላችንም አየን፤ ሁለቱም እንዳየነው አወቁ።

ጸሎት ከተደረሰ በኋላ ሙሴ አጀንዳውን አስነበበኝ። የቤቱ እመቤት ቀድማ ተናገረች።

«እኔ ግልጽ ልሁን። ልጄ አስም አለበት፤ ታውቃላችሁ። እኅቴን እወዳታለሁ። ግን ድናለች የሚለውን ነገር ከማን ነው የሰማነው? ወሬ ነው። ኖ ዋን ሾውድ አስ ኤኒቲንግ፤ ያሳየን ምንም የለም።»

«እውነትሽን ነው» አልኩና ደብዳቤውን ከፋይሉ ነቅዬ በእጇ ሰጠኋት።

መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ገጹን ገለበጠች፤ መልሳ ራስጌውን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቀና ስትል የምታየው እኅታችንን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

«ይሄ ቀን ምንድን ነው? ጥቅምት? ጋሼ፣ ይሄን ይዘው አምስት ወር?»

«አዎን።»

«አምስት ወር እኔ ይችን ሴት ቤተ ክርስቲያን ሳያት መንገድ ስቀይር! ልጄን እጁን እየጎተትኩ! ለምንድን ነው ያልነገሩን?»

«አያይዤው ነበር።»

«አያይዤው!» አለች፤ ከዚያ በኋላ የተናገረችው በእንግሊዝኛ ስለነበርና ፈጣን ስለነበር በቃለ ጉባኤው አልተመዘገበም። ማንም ሊያስቆማት አልሞከረም፤ እኔም አልፈለግኩም። ስትጨርስ ተነሥቼ ቆምኩና ስሕተቱን በሦስት ነጥብ አስቀመጥኩ፦ ውሳኔው ያለ መመለሻ አንቀጽ መጻፉን፣ ማስረጃው ለጉባኤው ሳይቀርብ መያያዙን፣ ይህም በእኔ እጅ መፈጸሙን። ይቅርታ የጠየቅኩት በማኅበሩ ፊት ነው፤ ምክንያቱም የወጣችው በማኅበሩ ፊት ነበር።

ሙሴ ነገሩን ሊያለዝብ ፈለገ። «ጥሩ። እንግዲያው ተራዋ ይመለስላት። ለሚፈሩት ግን፣ ለጊዜው፣ በወረቀት ኩባያ ብንጠጣስ?»

«ሙሴ» አለች እኅታችን፤ ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። «እኔ ቤት የወረቀት ኩባያ የለም። እንደ ወትሮው ከሆነ ይሁን፤ ካልሆነ ይቅር።»

ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ አራት ሳምንት ስለ ፈውስ የተናገርኩት እኔ ነበርኩና። ከተከታዮቹ ስለ አንዱ ዓሣ አጥማጅ አማት ያነበብኩትን ብቻ ነገርኳቸው። በትኩሳት ተኝታ ነበር፤ ጌታችን እጇን ይዞ አስነሣት፤ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ወዲያው ተነሥታ አገለገለቻቸው። በቤቱ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ተከታዮቹ ናቸው። በምን እንዳገለገለቻቸው አልተጻፈም፤ በዚያ ቀን ትኩሳት የነበረበት እጅ ያቀረበውን የመለሰ ሰው እንደነበረም አልተጻፈም። ቢኖር ኖሮ ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ይመዘግበው ነበር፤ የተከታዮቹን ሌላ ድክመት ሁሉ መዝግበውታልና።

«እኔ ልጨርሰው» አለች የቤቱ እመቤት። ደብዳቤው አሁንም በእጇ ነበር። «የፈራነው በሽታውን ከሆነ ይሄ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱ ካልበቃን የፈራነው ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ ደግሞ ኩባያ አይረዳም። እጅ ይውጣ።»

«እጅ ይውጣ የምለው እኔ ነኝ» አለ ሙሴ።

«በላ በል!»

«እጅ ይውጣ።»

ከአሥራ አራቱ አንድ አባል በጉዞ ላይ ነበር፤ ባለ ጉዳይዋ ድምፅ አልሰጠችም። ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ ደገፉ፤ ሁለቱ ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ከሁለቱ አንዱ ኋላ መጥቶ ስሙ እንዳይጻፍ ለመነኝ፤ በደንባችን የሚጻፈው ቁጥሩ ብቻ ነው አልኩት።

ሙሴ ስሕተቴን ከቃለ ጉባኤው እንዳስቀረው በጆሮዬ መከረኝ። «ራስህን በራስህ እጅ ልትከስ ነው? ይቅር ተብሏል እኮ።» እኔ ግን ጻፍኩት። በእጄ የተበላሸ መዝገብ በእጄ መታረም አለበት፤ ከዚህ ሌላ የምኮራበት ሥራ የለኝም።

በዚያ ከሰዓት የተጻፈውና አሥራ ሦስታችን የፈረምንበት ውሳኔ ይህ ነው፦

እኅታችን ከሕመሟ መዳኗ በሕክምና ማስረጃ ተረጋግጦ ለጉባኤው ተነብቧል። ማስረጃው በወቅቱ ያልቀረበው በጸሐፊው ስሕተት ነው። ከጽዋው እንድታርፍ የተሰጠው ውሳኔ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ከእንግዲህ ማንኛውም አባል በሕመም ምክንያት እንዲያርፍ ሲወሰን፣ መመለሱን የሚወስነው አካል፣ የሚቀርበው ማስረጃና ማስረጃው የሚታይበት ቀን በዚያው ውሳኔ ውስጥ ይጻፋል። የመጋቢት ወር ባለ ተራ እኅታችን ስትሆን፣ ጽዋውን ከቤቱ እመቤት እጅ ተረክባለች። የካቲት ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ መጻጕዕ እሑድ።